12 ቮልቱን ወደ 24 የገፋው መተኪያ፦ የአንድ ዓሣ ቤት ሚዛን አዳፕተር የጉዳይ ጥናት

አዳፕተሩ ጀርባው ላይ 12 ቮልት፣ 3 አምፔር ይላል። የሚያንቀሳቅሰው ዋጋ አስልቶ ደረሰኝ የሚያትም የዓሣ ቤት ሚዛን ነው። ባለቤቷ ባሕር ዳር፣ ከታና ወደብ ብዙም በማይርቅ ቤት ቀረሶና አምባዛ ይሸጣሉ፤ ለፈለገ ሙሉውን፣ ለፈለገ ፊሌቶ። ዕቃው እኔ ዘንድ ሲደርስ መብራት ላይ ሲሰካ ጠቋሚ መብራቱ ብልጭ ጥፍት ይላል፤ ጆሮ ሲያስጠጉት ከውስጡ «ጢቅ፣ ጢቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል። መልቲሜትሩ ላይ ቁጥሩ አይረጋም፤ 14፣ 20፣ 17፣ ወርዶ 9። ከፍተኛውን ንባብ በሚይዘው ቁልፍ ስለካው 21.3 ቮልት መዘገበ።

ጢቅ ጢቅ የሚል አዳፕተር የገጠመው ባለሙያ መጀመሪያ የሚያስበው ሾርት ነው። ውጤቱ ላይ አንድ ነገር ተገናኝቷል፣ መቆጣጠሪያው ይነሣል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሣል። ነገር ግን ሾርት ያለበት አዳፕተር ቮልቴጁ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድም። 12 ከተጻፈበት 21 መውጣቱ ሾርትን ከነጭራሹ ከጥርጣሬ አወጣው። እዚህ ላይ የደከመ ነገር የለም፤ ከልክ በላይ የሚገፋና የሚገታ እንጂ።

የቀደመውን ታሪክ ባለቤቷ ነገሩኝ። ሚዛኑ መጀመሪያ ደረሰኝ ማተም ሲጀምር ራሱን እያጠፋ ይነሣ ነበር። «ጠዋት ጠዋት ይብስበታል፤ ረፋድ ላይ ሻል ይለዋል» አሉኝ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያዝኳት። ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰዱት፤ እሱም ጥፋቱን ከቮልቴጅ ማጣቀሻዋ፣ ማለትም ውጤቱ የሚነጻጸርበትን ቋሚ ልክ ከምትሰጠው ዕቃ፣ አግኝቶ ባለ ሦስት እግሯን ዕቃ ቀየረ። ብልጭታው የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሚዛኑ ላይ ሲሰኩት ስክሪኑ ስለተንቀጠቀጠባቸው ወዲያው ነቅለውታል፤ ያ ፍጥነታቸው ሚዛኑን ሳያተርፈው አልቀረም።

«ወንድምዓለም፣ ጾም ነው፤ የዓሣ ገበያው አሁን ነው። በእጅ ሚዛን ስመዝን ሰው ይጨቃጨቀኛል። ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ እንዳትለኝ።»

«እትዬ፣ መጀመሪያ ልክፈተው።»

ከፈትኩት። የቀድሞው ጠጋኝ እጅ ንጹሕ ነው፤ ይህን መመስከር ይገባል። ቦርዱ ላይ የተሠራው ቦታ ለኤስኦቲ-23 ነው፤ ማለትም ከሩዝ ፍሬ ለማትበልጠው ባለ ሦስት ነጥብ ዕቃ። እሱ ያገኘው ግን ቲኦ-92 የሚባለውን፣ ጥቁር፣ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ፣ ረጃጅም እግር ያለውን ነው። እግሮቹን በቀጭን ፕላስቲክ አልብሶ፣ አጥፎ፣ እያንዳንዱን በየነጥቡ አሳርፎታል። ጠፍጣፋው ጎን ወደ እኛ ዞሮ እግሮቹ ወደ ታች ሲሆኑ ከግራ ወደ ቀኝ ማጣቀሻ፣ አኖድ፣ ካቶድ ነው፤ አላሳሳተም። ላዩ ላይ ቲኤል431 ተብሎ ተጽፏል፤ የ2.5 ቮልት ማጣቀሻ ነው። ከመጀመሪያው ዕቃ ግን ምንም የቀረ ነገር አልነበረም፤ ተጥሏል። ከጎኑ ያለው የውጤት ካፓሲተር፣ 1000 ማይክሮፋራድ፣ እስከ 16 ቮልት የሚችለው፣ አናቱ አብጧል።

ሌላው ሁሉ ከዚህ ስለሚነሣ አሠራሩን ልግለጽ። እንዲህ ዓይነቱ አዳፕተር ሁለት ወገን አለው። በመብራት ወገን 220 ቮልቱ ወደ ቀጥተኛ ተለውጦ 310 ቮልት ገደማ ይሆናል፤ መቆጣጠሪያው ቺፕ ያንን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ በትራንስፎርመሩ ያሳልፈዋል። በውጤት ወገን 12 ቮልቱ መሙላት አለመሙላቱን የሚለይ ክፍል አለ። የለየውን ሁለቱ ወገኖች ሳይነካኩ በብርሃን የሚያሻግረው ኦፕቶካፕለሩ ነው፤ እዚህ ቦርድ ላይ ፒሲ817። ውጤቱ ከልክ ሲያልፍ ማጣቀሻዋ ከረንት ታሳልፋለች፣ የኦፕቶካፕለሩ ውስጠኛ መብራት ይበራል፣ ቺፑም ግፊቱን ይቀንሳል። ግብረ መልስ የምንለው ይህን ዙር ነው።

ለባለቤቷ በራሳቸው ሥራ ነው ያስረዳኋቸው። ማጣቀሻዋ የኪሎ ድንጋያቸው ናት፤ በአንዱ ሳህን ተቀምጣ በሌላው ላይ ዓሣው ሲበዛ «በቃ» ትላለች። የሁለት ኪሎ ድንጋይ በአንድ ኪሎው ቦታ ቢቀመጥ ሻጩ እስኪተካከል ድረስ ዓሣ መጨመሩን አይተውም። «ታዲያ ገበያተኛው ደስ ይለዋል» ብለው ሳቁ። ሚዛኑ ግን ገበያተኛ አይደለም።

የድንጋዩ ልክ ስንት እንደነበረ እንዴት ይታወቃል? የድሮው ዕቃ ተጥሏል፤ የአዳፕተሩ የኤሌክትሪክ ዑደት ሥዕል (ሰርኪዩት ዲያግራም) የለም። ቦርዱ ራሱ ግን ይናገራል። ማጣቀሻዋ እግር 12 ቮልቱን በቀጥታ አታይም፤ ሁለት ሬዚስተሮች ከፋፍለው የሚሰጧትን ድርሻ ነው የምታየው። የላይኛው ከውጤቱ ወደ እግሯ፣ የታችኛው ከእግሯ ወደ መሬት። ላያቸው ላይ 8662 እና 1002 ተጽፏል። በባለ አራት አኃዝ አጻጻፍ ሦስቱ ቁጥሩን፣ አራተኛው የዜሮዎቹን ብዛት ይናገራል፤ ስለዚህ 86.6 ኪሎ ኦምና 10 ኪሎ ኦም ናቸው። ቦርዱ ላይ እንዳሉ ከተለኩ ጎረቤቶቻቸው ንባቡን ስለሚያሳስቱት የሁለቱንም አንድ ጎን አንሥቼ ለካሁ፤ ጽሑፋቸው እውነት ነው።

ቀሪው የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። 12 ሲባዛ በ10፣ ሲካፈል ለ96.6፣ 1.242 ቮልት ይመጣል። ፋብሪካው እዚህ ያስቀመጠው የ2.5 ቮልት ማጣቀሻ ሊሆን አይችልም፤ 1.24 ቮልት ነው። ቲኤል431ን ስናስገባ ደግሞ 2.495 ሲባዛ በ9.66፣ 24.1 ቮልት ይሆናል። እግሯ ራሷ ወደ 2 ማይክሮ አምፔር ስለምትጠጣና ያም በ86.6 ኪሎ ኦም ውስጥ ስለሚያልፍ ሌላ 0.17 ቮልት ይጨመርበታል። አዳፕተሩ ቀን ከሌት 24 ቮልት ለመድረስ ሲጣጣር ነበር ማለት ነው።

ሁለቱ ልኮች ከሞላ ጎደል አንዱ የሌላው እጥፍ መሆናቸው የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ሁለቱም የሚመነጩት ከሲሊከን ከራሱ ጠባይ ነው፤ ሙቀት ሲጨምር የሚወርድ ቮልቴጅንና ሙቀት ሲጨምር የሚወጣ ቮልቴጅን ደምሮ 1.2 ቮልት ገደማ ላይ የሚረጋ ድምር ማግኘት ይቻላል። የ1.24ቱ ቤተሰብ ያንን አንድ ጊዜ ይወስዳል፤ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ1977 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቲኤል431 ሁለት ጊዜ ይደራርበዋል። ስለዚህ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ስሕተቱ በትንሹ አይደለም፤ ወይ እጥፍ ነው ወይ ግማሽ። ትንሽ ቢሆን ኖሮ ማንም ሳያየው ዓመት ይከርም ነበር። እጥፍ ስለሆነ በአንድ ቀን ራሱን ገለጠ፤ በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን።

24 ላይ ደርሶ ለምን አልረጋም? መቆጣጠሪያው ቺፕ ራሱን የሚመግበው ከትራንስፎርመሩ ላይ ከተጠቀለለ ሌላ ትንሽ ጥቅልል ነው፤ ያ ጥቅልል ውጤቱን ተከትሎ ከፍና ዝቅ ይላል። 12 ቮልት ሲወጣ ቺፑ 15 ቮልት ገደማ የሚያገኝ ከሆነ ውጤቱ ወደ 21 ሲወጣ የቺፑ ምግብ 27 አካባቢ ይደርሳል። ብዙዎቹ ቺፖች በዚያ አካባቢ የከፍተኛ ቮልቴጅ መከላከያቸው ይነሣና ሥራ ያቆማሉ፤ ምግባቸው ሲወርድ እንደገና ይጀምራሉ። ጢቅ ጢቁ ያ ነው፤ 21.3ቱም ከዚያ ጋር ይስማማል። ቺፑ ባይገታው ካፓሲተሩ ማበጥ ብቻ ሳይሆን ይፈነዳ ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቀጥተኛው መንገድ የ1.24 ቮልት ማጣቀሻ መፈለግ ነው። እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ሰው «ቲኤልቪ431 አገኘሁ» ብሎ የሚወድቀው እዚሁ ነው። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲኤልቪ431 ልኩ 1.24 ቮልት ቢሆንም ካቶዱ ላይ እንዲሠራ የተፈቀደለት እስከ 6 ቮልት ብቻ ነው። በዚህ ቦርድ ላይ ካቶዱ በኦፕቶካፕለሩ በኩል ከ12 ቮልቱ ጋር ተያይዟል፤ ማጣቀሻዋ ከረንት በማታሳልፍበት ቅጽበት ወደ 11 ቮልት የሚጠጋ ነገር ካቶዷ ላይ ይቆማል። ዕቃዋ ልኳ ትክክል ሆኖ ትሞታለች። ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ቲኤልቪኤች431 አለ፤ እሱ እስከ 18 ቮልት ይችላል። ሌላ ፋብሪካ በተመሳሳይ ስም የሠራው ደግሞ የራሱ ገደብ አለው፤ ከስሙ ይልቅ የፋብሪካው መረጃ ወረቀት ይነበብ።

እግሮቹም ሌላ ጣጣ ናቸው። በኤስኦቲ-23 አካል ቲኤል431 እና ቲኤል432 በውስጣቸው አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው ካቶዱና ማጣቀሻው ቦታ መለዋወጣቸው ነው። ቦርዱ ለአንዱ ተሠርቶ ሌላው ከተቀመጠ ልኩም ዓይነቱም ትክክል ሆኖ አይሠራም። ትንሿ አካል ላይ የሚጻፉት ሁለት ሦስት ፊደላትም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያዩ ብዙ አይታመኑም።

ባሕር ዳር ውስጥ ቲኤል431 ችግር አይደለም። ከሞተ የኮምፒውተር የኃይል ሳጥን ውስጥ ይገኛል፤ የትኛውም ጠጋኝ መሳቢያ ውስጥ ጥቂቶች አሉ። የ1.24ቱ፣ ያውም 18 ቮልት የሚችለው፣ ከአዲስ አበባ መምጣት ነበረበት። ባለቤቷ ያንን እንዳትለኝ ብለዋል። ስለዚህ ሁለተኛውን መንገድ መረጥኩ፤ ቲኤል431ን እዚያው ትቶ ቦርዱን ለእሱ ማስተካከል። ይህን የማይወዱ ባለሙያዎች አሉ፤ «የፋብሪካውን ሒሳብ አትንካ» ይላሉ። ሒሳቡን ሳይረዱ መንካት እንደማይገባ እስማማለሁ፤ ከተረዱት ግን ሁለት ሬዚስተር መለወጥ ከባድ ነገር አይደለም።

የትኛው ሬዚስተር ይለወጥ? በወረቀት ላይ ሁለቱም መንገድ ይሠራል። የላይኛውን ወደ 38.3 ኪሎ ኦም ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ የታችኛውን ወደ 23 ኪሎ ኦም ከፍ ማድረግም ይቻላል። እኔ የታችኛውን መረጥኩ፤ ምክንያቴ ቮልቴጁ ሳይሆን የዙሩ መረጋጋት ነው። ከካቶዷ ወደ ማጣቀሻ እግሯ የሚመለስ ካፓሲተርና ሬዚስተር አለ፤ ዙሩ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚመልስ የሚወስኑት እነሱና የላይኛው ሬዚስተር ናቸው። ዕቃዋ በሥራ ላይ ሳለች የማጣቀሻ እግሯ ቮልቴጅ ከሞላ ጎደል አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ በታችኛው ሬዚስተር የሚያልፈው ከረንት ቋሚ ነው፤ በለውጡ ውስጥ ድርሻ የለውም። ውጤቱ ሲወዛወዝ ውዝወዛው የሚገባው በላይኛው ብቻ ነው። 86.6ቱን ወደ 38.3 ባወርደው የዙሩ ፍጥነት ከእጥፍ በላይ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ጭነት ሲለዋወጥ አዳፕተሩ ሊያፏጭ ወይም ሊወዛወዝ ይችላል። ታችኛውን ስነካ ግን ፋብሪካው የደከመበትን ማረጋጊያ እንዳለ እተወዋለሁ።

23 ኪሎ ኦም ተብሎ የሚሸጥ ሬዚስተር በቀላሉ አይገኝም፤ 22 እና 1 ግን የትም አለ። ሁለቱን በተርታ አያያዝኳቸው። 2.495 ሲባዛ በ4.765፣ 11.89፤ የእግሯ 0.17 ሲጨመር 12.06 ቮልት። ደረጃ ፊደል የሌለው ቲኤል431 የሚፈቀድለት ስሕተት 2 በመቶ ስለሆነ ከ11.8 እስከ 12.3 ባለው ውስጥ ቢወድቅ አያስገርምም። ስሙ መጨረሻ ላይ «ኤ» ካለው 1 በመቶ፣ «ቢ» ካለው ግማሽ በመቶ ነው። ለሚዛኑ ሁሉም ይበቃል።

ሥራው ግን እዚህ አያበቃም፤ ብዙ ጥገና የሚከሽፈውም ቮልቴጁ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ቲኤል431 ልኩን በትክክል እንዲጠብቅ ቢያንስ 1 ሚሊ አምፔር በካቶዱ ማለፍ አለበት። የ1.24ቱ ቤተሰብ አንድ አሥረኛው ይበቃዋል። ፋብሪካው ያንን ስላወቀ ከኦፕቶካፕለሩ መብራት ጎን ምንም ሬዚስተር አላስቀመጠም። ይህ ለምን ያስጨንቃል? አዳፕተሩ ሙሉ ጭነት ሲሸከም ኦፕቶካፕለሩ «ቀንስ» የሚለው በጣም በስሱ ነው፤ በመብራቱ የሚያልፈው ከረንት ከ1 ሚሊ አምፔር በታች ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ቲኤል431 በቂ ከረንት አጥቶ ልኩን ያላላል፤ ያለ ጭነት 12.06 ያለው አዳፕተር ሚዛኑ ማተም ሲጀምር ይወርዳል። ባለቤቷም «ያው ድሮው በሽታ ተመለሰ» ይላሉ፤ እውነታቸውንም ነው።

መድኃኒቱ ከኦፕቶካፕለሩ መብራት ጎን ለጎን፣ በፒሲ817 እግር 1 እና 2 መካከል፣ 1 ኪሎ ኦም ማስቀመጥ ነው። መብራቱ ሲሠራ በሁለቱ ጫፎቹ 1.1 ቮልት ገደማ ስለሚቆም በሬዚስተሩ 1.1 ሚሊ አምፔር ያልፋል፤ መብራቱ ቢደበዝዝም ቲኤል431 የሚበቃውን ያገኛል። ለዚህ የሚሆን ትርፍ መኖሩን አስቀድሜ አየሁ፤ ከ12 ቮልቱ ወደ ኦፕቶካፕለሩ የሚገባው በ2.2 ኪሎ ኦም በኩል ነው። 12 ሲቀነስ 1.1፣ ሲቀነስ 2.5፣ 8.4 ቮልት ይቀራል፤ ለ2.2 ኪሎ ኦም ሲካፈል 3.8 ሚሊ አምፔር። 1.1ዱን ብንወስድበት ለመብራቱ 2.7 ይተርፋል፤ በቂ ነው። ያ ሬዚስተር 6.8 ወይም 10 ኪሎ ኦም ቢሆን ኖሮ ይህ መንገድ ዝግ ነበር፤ የአዲስ አበባውን ዕቃ እንጠብቅ ነበር።

ካፓሲተሮቹ ሁለት ናቸው፤ በመካከላቸው ትንሽ ጥቅልል አለ። አንደኛው አብጧል። ሁለተኛው ሲያዩት ጤነኛ ነው፤ ሲለካ ግን ከ1000 ማይክሮፋራዱ 310 ብቻ ቀርቶታል። የባለቤቷ «ጠዋት ይብስበታል» እዚህ ትርጉሙ ተገለጠ። የደረቀ ካፓሲተር ሲቀዘቅዝ ውስጣዊ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ሲሞቅ ትንሽ ይላላል። የማተሚያው ራስ በድንገት ብዙ ከረንት ሲስብ ቮልቴጁን ደግፎ የሚይዝ አልነበረም፤ ሚዛኑ የሚጠፋው ለዚያ ነው። የመጀመሪያው ማጣቀሻ፣ የተጣለው፣ ምንም አላጠፋም ነበር ብዬ አምናለሁ። ሁለቱንም በ1000 ማይክሮፋራድ፣ 25 ቮልት፣ 105 ዲግሪ በሚችሉ ተካሁ።

ከዚህ በኋላ አዳፕተሩን መብራት ላይ መሰካት ይቻላል፤ እኔ ግን እንዲህ ዓይነት ለውጥ ካደረግሁ በኋላ በቀጥታ አልሰካም። ግብረ መልሱን ብቻውን፣ መብራት ሳይነካው፣ መፈተን ይቻላል፤ ይህን ዘዴ ለወጣት ጠጋኞች ሁሉ እመክራለሁ። የ310 ቮልቱ ካፓሲተር ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል። ከዚያ ቮልቴጁ የሚስተካከል የጠረጴዛ የኃይል ምንጭ በአዳፕተሩ የውጤት ጫፎች ላይ ይያያዛል፣ ከረንቱም በጥቂት አሥር ሚሊ አምፔር ይገደባል፤ ማለትም 12 ቮልቱን እኛ ራሳችን ከውጭ እንሰጠዋለን። መልቲሜትሩ ኦም ላይ ሆኖ በኦፕቶካፕለሩ ማዶ፣ በእግር 3 እና 4 ላይ ይያዛል፤ ቀዩ በ4 ላይ።

ከለውጡ በፊት፣ ያበጠውን ካፓሲተር አንሥቼ፣ ይህንኑ ሞክሬ ነበር። 12 ላይ ምንም የለም፤ ከኦፕቶካፕለሩ ማዶ ያለው መንገድ ዝግ ነው። 18፣ ዝግ። 22፣ ዝግ። 24ን አልፎ ጥቂት ነጥብ ሲሄድ የኦሙ ንባብ ድንገት ወደቀ። ወረቀት ላይ ያለው 24.27 ዓይን ፊት ቆመ። ከለውጡ በኋላ ቁልፉን በቀስታ አዞርኩት፤ 11.5 ዝግ፣ 11.9 ዝግ፣ 12.1 ላይ ከመድረሱ በፊት ንባቡ ተንደረደረ። ዙሩ ልኩን አግኝቷል፤ እስካሁን አንድም ጊዜ 220 ቮልት አልነካነውም።

ቀጥሎ በተርታ በተያያዘ የ60 ዋት አምፖል በኩል መብራት ሰጠሁት። አምፖሉ ለቅጽበት ፈክቶ ደበዘዘ፤ ውጤቱ 12.09 ቮልት፣ የማይንቀሳቀስ። አምፖሉን አውጥቼ በቀጥታ ሰክቼ 21 ዋት የመኪና አምፖል ጫንኩበት፤ 12.05። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ፤ የመኪና አምፖል ክሩ ሲቀዘቅዝ ከሥራው ከረንት ብዙ እጥፍ ይስባል፤ አዳፕተሩ ሲነሣ አንዴ ጢቅ ካለ አይደንገጡ፤ ከረንት ገዳቢው ነው እንጂ ማጣቀሻዋ አይደለችም። አምፖሉ በርቶ ሳለ ሌላ 5 ዋት ጨምሬ ባነሣውም በለውጡ ጊዜ የማፏጨት ድምፅ የለም።

ድምፅ ብቻ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ የቮልቴጁን ለውጥ በመስመር የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ደግሞ የለኝም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፖሊ ግቢ ካለ ወዳጄ ዘንድ ወስጄው ጭነቱን እየጣልንና እያነሣን አየነው። ውጤቱ ለአፍታ ጎንበስ ይልና አንድ ጊዜ ተመልሶ ይቀመጣል፤ አይወዛወዝም። የታችኛውን ሬዚስተር መምረጤ ክርክር ቢያስነሣ መልሴ ያ መስመር ነው። ወዳጄ ለሙከራ የላይኛውን ወደ 38.3፣ የታችኛውን ወደ 10 አድርገን እንየው አለኝ፤ አየነው፤ ሦስት አራት ጊዜ ተወዛውዞ ነው የተቀመጠው። አይወድቅም፣ ግን ያንን ለደንበኛ አልሰጥም።

ሚዛኑ ራሱ ተርፏል። ውስጡ 12 ቮልቱን ወደ 5 የሚያወርደው ኤልኤም2596 ነው፤ እሱ እስከ 40 ቮልት መግቢያ ስለሚችል 21ዱ አልነካውም። ማተሚያው ግን በቀጥታ ከ12 ቮልቱ ነው የሚጠጣው፤ በዚያች ቅጽበት ደረሰኝ ባለመታተሙ ነው የዳነው። ባለቤቷ ሲረከቡ መጀመሪያ ያደረጉት ደረሰኝ ማሳተም ነበር፤ በማግስቱም ጠዋት እንዲሞክሩት ነገርኳቸው፤ ብርዱ ነውና ፈታኙ። ሠርቷል።

ከሞተ ቦርድ ላይ ማጣቀሻ ነቅለው ለሚጠቀሙ አንዲት መፈተኛ እነሆ። ካቶዱንና ማጣቀሻውን አንድ ላይ አያይዞ፣ አኖዱን ከመሬት፣ ከ12 ቮልት በ2.2 ኪሎ ኦም መስጠት። ቲኤል431 ከሆነች 2.5 ገደማ፣ የ1.24ቷ ከሆነች 1.24 ይነበባል። አንዳንዶች በሁለት እኩል ሬዚስተሮች ከፍለው መፈተን ይወዳሉ፤ በዚያ መንገድ የ1.24ቷ 2.48 ታሳያለች፤ የቸኮለ ሰው «2.5 ናት፣ ደህና ናት» ብሎ ወደ መሳቢያው ይመልሳታል። በቀጥታ ማያያዙ ይሻላል።

ሽፋኑን ከመዝጋቴ በፊት በውስጠኛው ገጽ ላይ በማይጠፋ ቀለም ጻፍኩበት፦ «ማጣቀሻ 2.5 ቮልት። ታችኛው ሬዚስተር 23 ኪሎ። በፒሲ817 እግር 1 እና 2 መካከል 1 ኪሎ ተጨምሯል።» ነገ ይህ አዳፕተር ሌላ ጠጋኝ እጅ ቢገባና ሰውየው ተመሳሳይ ጤነኛ አዳፕተር ከፍቶ፣ በውስጡ የ1.24ቷን አይቶ፣ እሷኑ ገዝቶ ቢያስገባበት የሚያገኘው 5.9 ቮልት ነው፤ ሚዛኑም አይነሣም።